ሴንተሩ፣ አሰልጣኙ፣ ጠበቃው፦ ስለ ዊልያም ሉዊስ የከፈትኩት ክር

መነሻው ልጄ ነው። ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገባና የአሜሪካን ፉትቦል ካልተጫወትኩ ሞቼ እገኛለሁ አለ። እናቱ እንቢ አለች። እኔ መሀል ቤት ቀረሁ። የምንኖረው ካምብሪጅ፣ ማሳቹሴትስ ነው። የሃርቫርድ ስታዲየም ከወንዙ ማዶ ይታየናል። ጨዋታው ከየት እንደመጣ ልወቅ ብዬ አንድ ሁለት ማታ ሳነብ፣ ዊልያም ሄንሪ ሉዊስ ከሚባል ሰው ጋር ተገናኘሁ። እንቅልፍ ነሳኝ። አመሻሽ ላይ በምገባበት የኢንተርኔት የአማርኛ መድረክ ላይ ስለ እሱ ክር፣ ማለትም ሰው እየተከታተለ የሚመልስበት ውይይት፣ ከፈትኩ። አራት አምስት ሰው መልሶ ይረሳዋል ብዬ ነበር። 43 ምላሽ መጣ። ሁሉን ማንበብ ለሚታክታችሁ የሆነውን በራሴ አፍ ልተርክላችሁ።

የመክፈቻው ጽሑፍ አጭር ነበር። ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሉዊስ በኅዳር 1868 ዛሬ የኖርፎክ አካል በሆነችው በበርክሊ፣ ቨርጂንያ ተወለደ። ወላጆቹ በባርነት የኖሩና ነፃ የወጡ ናቸው። አባቱ የባፕቲስት ሰባኪ ሆነ። ልጁ በ15 ዓመቱ ፒተርስበርግ ለጥቁሮች የተከፈተ ኮሌጅ ገባ። የኮሌጁ ፕሬዝዳንት ጆን መርሰር ላንግስተን ጎበዝነቱን አይቶ ወደ ሰሜን፣ ወደ አምኸርስት ኮሌጅ እንዲሄድ ረዳው። እዚያ በ1888 ገባ። ራሱን እየረዳ ተማረ፣ በንግግር ውድድር ሽልማት አገኘ፣ ፉትቦል ጀመረ። በ1891 የቡድኑ አምበል ነበር። በማግስቱ ዓመት ሃርቫርድ የሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ ሁለት ዓመት ተጫወተ። ሁለቱንም ዓመት፣ በየዓመቱ ምርጥ ተጫዋቾችን ይመርጥ የነበረው ዋልተር ካምፕ የአገሪቱ ምርጥ 11 ውስጥ አስገባው። ከዚያ በፊት ያንን ያገኘ ጥቁር ተጫዋች አልነበረም። ከ1895 እስከ 1906 ሃርቫርድን አሰለጠነ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከነጭ ኮሌጆች የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ እሱ ነው ብዬ ደመደምኩ። ታዲያ ስሙን የሚያውቅ ለምን ጠፋ ብዬ ጠየቅሁ። ስህተቱ የት ጋ እንዳለ የሚያውቅ ይኖራል። እኔ ግን አላወቅሁም ነበር።

የመጀመሪያው ምላሽ ምስጋናና ምርቃት ብቻ ነበር። እጅህ ይባረክ ዓይነት። ሁለተኛው ከዳላስ የጻፈ ሰው ነው። ኳሱ በእጅ እየተያዘ ፉትቦል የተባለበት ምክንያት ሃያ ዓመት ሙሉ እንዳልገባው ተናዘዘ። ሦስተኛው እኔንም አልገባኝም ብሎ ሳቀ። በዚህ ይቀጥላል ብዬ ስሰጋ ቁጥር 4 ታደገችን። አስተማሪ መሆኗ ከአጻጻፏ ያስታውቃል። የሉዊስን ዘመን ጨዋታ ዛሬ በቴሌቪዥን በምናየው እንዳንለካው አስጠነቀቀች። ያኔ ኳስ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነበር። የተፈቀደው በ1906 ነው። አንድ ቡድን በሦስት ሙከራ አምስት ያርድ መግፋት አለበት፤ ካልቻለ ኳሱን ያስረክባል። ስለዚህ ጨዋታው መሀል ላይ መጋፋት፣ መቆለል፣ እንደገና መጋፋት ነው። ታችዳውን፣ ማለትም ኳሱን የባላጋራ መጨረሻ መስመር ማዶ ማድረስ፣ 4 ነጥብ ብቻ ያስገኝ ነበር። የራስ ቁር የሚያደርግ እምብዛም ስላልነበረ ተጫዋቾቹ ጭንቅላታቸውን እንዲከላከልላቸው ፀጉራቸውን ያሳድጉ ነበር። እዚህ ላይ ቁጥር 6 ያኔ ቢሆን ኖሮ የኛ አፍሮ ያዋጣ ነበር ብሎ ቀለደ። ብዙ ሰው ወደደለት።

በመሀል ቁጥር 5 መጣ። እኔን ሊያርም ነው የመጣው። ትህትና የሚባል ነገር አላስተረፈም። ሉዊስ ዋና አሰልጣኝ አልነበረም። በዚያ ዘመን ሃርቫርድ ውስጥ ቡድኑን የሚያሠለጥኑት በየዓመቱ የሚሰባሰቡ የቀድሞ ተጫዋቾች ናቸው። ሉዊስም መስመር ላይ የሚሰለፉትንና መከላከሉን የሚያሠለጥን ረዳት ነበር። የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሰልጣኝ የሚባለው ሌላ ሰው ነው፤ ማቲው ቡሎክ። የዳርትማውዝ ኮሌጅ ተጫዋች የነበረ ነው። በ1904 የማሳቹሴትስ ግብርና ኮሌጅን ይዟል። ኮሌጁ ደግሞ የሚገኘው ያችው አምኸርስት ከተማ ውስጥ ነው። ሰውየው በመጨረሻ ሳያነቡ መጻፍ የኛ ሰው በሽታ ነው ብሎ ዘጋው።

ፊቴ ቀላ። ግን ትክክል ነበር። ዋና የምትለዋን ቃል ሰርዤ ይቅርታ ጻፍኩ። ሰው ሲያርምህ አመስግን ይባላል፣ አመሰገንኩ። በሽታ ያለውን ግን አልረሳሁለትም።

ቁጥር 8 ጥሩ ጥያቄ አመጣ። አንድ ሰው ሦስት ዓመት አምኸርስት፣ ሁለት ዓመት ሃርቫርድ፣ አምስት ዓመት እንዴት ይጫወታል? ማጭበርበር አይሆንም ወይ? ቁጥር 9 መለሰለት። ያኔ ዲግሪ ይዞ የሕግ ተማሪ የሆነ ሰው መጫወት ይችል ነበር። ደንቡ እየጠበበ የመጣው ቆይቶ ነው። አያይዞም ሉዊስ 80 ኪሎ እንኳን የማይሞላ ሴንተር መሆኑን ነገረን። ሴንተር ማለት መሀል መስመር ላይ ቆሞ ኳሱን ወደ ኋላ የሚያቀብለው ነው። ፊት ለፊቱ የሚቆሙት ከሱ ይከብዱ ነበር። እሱ የሚበልጣቸው በፍጥነትና በብልሃት ነው።

ይሄው ሰው ስለ 1892ቱ የሃርቫርድና የተቀናቃኙ የዬል ዩኒቨርሲቲ ጨዋታ የጻፈው ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ የወደድኩት ነው። ጨዋታው በኅዳር 19 ስፕሪንግፊልድ ላይ ነበር። ሉዊስ በሴንተርነት ተሰልፏል። የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ነጥብ አለቀ። ሁለተኛው ሲጀመር የሃርቫርድ ልጆች በሁለት ተከፍለው ግራና ቀኝ ወደ ኋላ ራቁ። ከዚያ ሁለቱም ወገን ባለ በሌለ ኃይሉ ሮጦ መሀል ላይ ገጠመ። ልክ እንደ እንጨት መፍለጫ ሽብልቅ ሆኑ፤ ኳስ የያዘው ከሽብልቁ ኋላ። ይህን ዘዴ የፈጠረው ሎሪን ዴላንድ የሚባል የቦስተን ሰው ነው። ፉትቦል ተጫውቶ አያውቅም። ሐሳቡን የወሰደው ከጦር ስልት ነው። ተመልካቹ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሆኖም ዬል 6 ለ 0 አሸነፈ። ዘዴው በሁለት ዓመት ውስጥ ታገደ፤ ሰው ይሰብር ነበርና።

እዚህ ላይ ቁጥር 5 ተመለሰ። በአሰልጣኝነቱ ዘመን ሃርቫርድ ከ110 በላይ ጨዋታ አሸንፎ ሽንፈቱ 20 አልሞላም ብዬ ስለጻፍኩ ነው። እውነት ነው፣ አልካደም። ነገር ግን ለሃርቫርድ ሰው ጨዋታ ማለት ዬል ነው። በእነዚያ 12 ዓመታት ሁለቱ 10 ጊዜ ተገናኙ። 1895ና 1896 አልተጫወቱም፤ በ1894 በደም የተጨማለቀ ጨዋታ ተጫውተው ተኳርፈው ነበር። ከ10ሩ ሃርቫርድ ያሸነፈው ሁለቱን ነው፤ በ1898 17 ለ 0፣ በ1901 22 ለ 0። ሁለቱ ያለ ነጥብ አለቁ። ስድስቱን ዬል ወሰደ። ከ1902 እስከ 1906 አምስት ዓመት ተከታትሎ። ቁጥር 11 ይሄማ የኛው ጊዮርጊስና ቡና ነው ብሎ ሊያወዳድር ሞከረ። ወዲያው ሦስት ሰው ወረደበት። በዚያ ጉዳይ ሌላ ክር ይከፈት ተባለና ታለፈ።

ቁጥር 13 የኳሱን ወሬ ገታችው። የምትጽፈው ከዋሽንግተን ዲሲ ነው። እንደገባኝ ሕግ ነክ ሥራ ነው የምትሠራው። ሉዊስን የሚያስታውሱት በኳስ መሆኑ እንደሚያናድዳት ገለጸች። የሕግ ተማሪ ሳለ ሃርቫርድ አደባባይ አካባቢ ፀጉር ቤት ገባ። አንሠራልህም ተባለ። በዚያን ጊዜ ስሙ ጋዜጣ ላይ የሚወጣ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሺዎች የሚያጨበጭቡለት ተጫዋች ነው። ተሳድቦ አልወጣም። የግዛቲቱ ሕግ አውጪዎች ጋ ሄደ። በቀለም የተነሣ አገልግሎት መከልከልን የሚቀጣው የማሳቹሴትስ ሕግ ፀጉር ቤቶችንም እንዲጨምር ከወተወቱት አንዱ እሱ ነበር። ሕጉ ተሻሻለ።

ከዚህ በኋላ የመጡት ምላሾች የራስ ታሪክ ሆኑ። ቁጥር 14 መጀመሪያ አሜሪካ የመጣ ጊዜ አንድ ፀጉር ቤት ገብቶ አንድ ሰዓት ሲጠብቅ፣ ከሱ በኋላ የመጡት ሁሉ ተስተካክለው ሲወጡ ዝም ብሎ እንደተቀመጠ ጻፈ። በመጨረሻ ያንተን ዓይነት ፀጉር የሚሠራ ሰው ዛሬ አልገባም አሉት። ዕድሜ ልኩን ያልረሳው መልሱን አይደለም፤ ተነሥቶ አመስግኖ መውጣቱን ነው። ቁጥር 15 እኔም ደርሶብኛል አለ። ቁጥር 16 ደግሞ ይሄን ሁሉ ዘረኝነት ማድረግ ልክ አይደለም፣ ምናልባት የምር ሰው አልነበረም ይሆናል ብሎ ቤንዚን አርከፈከፈበት። እሱን አልተርክላችሁም። ዘጠኝ ምላሽ ፈጀ።

ወደ ቁምነገሩ የመለሱን ቁጥር 26 ናቸው። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ብዙ ያነበቡ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ሉዊስን አያመሰግኑም። አድርባይ ነው ባይ ናቸው፤ ማስረጃቸውንም ዘረዘሩ። ሉዊስ መጀመሪያ የቡከር ቲ ዋሽንግተን ነቃፊ ነበር። ዋሽንግተን ጥቁሮች ለጊዜው ፖለቲካውን ትተው በእጅ ሙያና በሀብት ይበርቱ የሚል የዘመኑ የጥቁሮች መሪ ነው። የቦስተን ወጣት ምሁራን ይህን መስማት አይፈልጉም፤ ሉዊስም ከነሱ ጋር ነበር። ከዚያ ኋላ ፕሬዝዳንት ከሆነው ከቴዎዶር ሩዝቬልት ጋር ወዳጅ ሆነ። ሩዝቬልት የሃርቫርድ ሰው ነው፣ ፉትቦል ይወዳል። ሹመት ለመስጠት የሚያማክረው ደግሞ ዋሽንግተንን ነው። ሉዊስ ከዋሽንግተን ጋር ታረቀ። በ1903 ቦስተን ውስጥ የፌዴራሉ ዐቃቤ ሕግ ረዳት ሆኖ ተሾመ። ከሱ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የተቀመጠ ጥቁር አልነበረም።

ጋሼ እዚህ ላይ አላቆሙም። በዚያው ዓመት ሐምሌ 30 ዋሽንግተን ቦስተን መጥቶ አንድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ንግግር ሊያደርግ ነበር። ዊልያም ሞንሮ ትሮተር የሚባለው፣ የሃርቫርድ ምሩቅና የጋዜጣ አዘጋጅ፣ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ ሊያፋጥጠው ተዘጋጀ። አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። መድረኩ ላይ አንድ ሰው በርበሬ በትኖበታል። ተናጋሪዎቹ ያስነጥሳሉ፣ ይስላሉ። ጩኸት፣ ግፊያ፣ ፖሊስ። ትሮተር ተይዞ 30 ቀን ታሰረ። ታዲያ ያንን ስብሰባ በሊቀ መንበርነት የመራው ማን ነው? ሉዊስ። ከሹመቱ ሰባት ወር እንኳን ሳይሞላ።

በርበሬው ብዙዎችን አሳቀ። ቁጥር 27 ሚጥሚጣ ቢሆን ኖሮ ታሪክ ይለወጥ ነበር አለ። የጋሼ ጥያቄ ግን ቀልድ አልነበረም። ወዳጆቹን ትቶ ሹመት የያዘን ሰው ለልጆቻችን አርአያ አድርገን እናቅርብ ወይ ነው ያሉት።

ቁጥር 28 ቆስቋሽ ነበር። ጋሼን አንተ ብሎ ጀመራቸው። አንተ ሹመት ቀርቦልህ አታውቅም፣ ስለዚህ መፍረድ ይቀልሃል ዓይነት ነገር። ሐሳቡ ባዶ አልነበረም። አንተ ማለቱ ግን ሁሉን አበላሸው። ቁጥር 29፣ 30ና 31 ስለ ሉዊስ አንድ ቃል አልጻፉም። ሦስቱም ስለ አንቱታ ነው የጻፉት። አንዷ በአባትህ ዕድሜ ያለን ሰው ብላ ገሰጸችው። ሌላው ኢንተርኔት ላይ ሁሉም አንተ ነው ብሎ ተከራከረ። አወያዩ ገብቶ ልጁን ወይ አስተካክል ወይ ውጣ አለው። ልጁ አስተካከለ። ደስ ያለኝ፣ ጋሼ ራሳቸው መልሰው አንተ መባል እንዳላስቀየማቸው፣ ክርክሩ ግን መልስ እንደሚሻ ጻፉ።

መልሱን የሰጠችው ያችው የዲሲዋ ሴት ናት። ቁጥር 33። ነገሩን ከ1892 ጀመረችው። በዚያ ዓመት ከአምኸርስት የተመረቁት ጥቁሮች ሦስት ነበሩ። ሉዊስ፣ ዊልያም ጃክሰንና ጆርጅ ፎርብስ። ጃክሰን ከሉዊስ ጋር አብሮ ኳስ ተጫውቷል። ኋላ ዲሲ መጥቶ ጥቁር ልጆች የሚማሩበት የኤም ስትሪት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆነ። ሦስቱ ሲመረቁ ያኔ ሃርቫርድ ተማሪ የነበረው፣ ኋላ ስመ ጥር የጥቁሮች ምሁር የሆነው ደብልዩ ኢ ቢ ዱ ቦይስ ሊያያቸው መጥቷል። ፎርብስ ደግሞ በ1901 ከትሮተር ጋር ሆኖ ያንን ጋዜጣ የመሠረተው ሰው ነው። ጋዜጣው ሉዊስንም አልማረም። አብሮ የተመረቀ ጓደኛው ነው እንግዲህ። ስለዚህ ሉዊስ ሹመቱን ሲቀበል ምን እንደሚያጣ ያውቅ ነበር ባይ ናት። አላወቀም እንዳይባል። ግን ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ምን ሠራ፣ እሱን እንይ አለች።

የጻፈችውን አሳጥሬ ልንገራችሁ። በ1911 ፕሬዝዳንት ታፍት ሉዊስን የአሜሪካ ረዳት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አደረገው። እስከዚያን ጊዜ በፌዴራሉ አስፈጻሚ አካል ውስጥ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ ከደረሰበት ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር በአባልነት ተቀበለው። ጥቁር መሆኑን ሲሰሙ የደቡብ አባላት አበዱ። የማኅበሩ አመራር ሊያስወጣው ወሰነ። በራስህ ፈቃድ ውጣልን አሉት። አልወጣም አለ። አለቃው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ጆርጅ ዊከርሻም 4,700 ለሚሆኑት አባላት በሙሉ ደብዳቤ ጽፎ ተሟገተለት። በ1912 ማኅበሩ መሀል መንገድ አገኘ። ያኔ አባል የነበሩት ሦስቱ ጥቁሮች ይቆያሉ፤ ከእንግዲህ የሚያመለክት ሰው ግን ዘሩን እንዲገልጽ ተደነገገ። ከሦስቱ አንዱ በቁጣ ትቶ ወጣ። ሉዊስ ቀረ።

ይህንን ካነበብኩ በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። እኔ ብሆን የትኛውን እሆን ነበር? ወጥቼ በሩን ድርግም አድርጌ እዘጋው ነበር መሰለኝ። ከኔ በኋላ የሚመጣ አይገባም የሚል ቤት ውስጥ ተቀምጦ መቅረት ይከብዳል። ግን ደግሞ ሴንተር ነው። ሴንተር ገፍተው ካላነሡት በቀር ከቦታው አይነሣም። ይህንን ክሩ ላይ አልጻፍኩትም፤ ቁጥር 5 ይስቅብኛል ብዬ ነው።

ጋሼ በቁጥር 34 ተመለሱ። አድርባይ ያሉትን ቃል አላነሡም። ሉዊስ ሹመቱን ያጣው ፕሬዝዳንት ዊልሰን በ1913 ሥልጣን ሲይዝ መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ ቦስተን ውስጥ ጥሩ ስም ያተረፈ የፍርድ ቤት ጠበቃ ሆኖ እስከ ሞተበት እስከ ጥር 1 ቀን 1949 መኖሩን አስታወሱ። ሰው ሹመት ሳይኖረው የሚያደርገውን ነው መመዘን ያለብን ብለው ተዉት። ከዲሲዋ ሴት ጋር እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። ግን እርስዎ እየተባባሉ ነው የተለያዩት። በዚህ ዘመን ትልቅ ነገር ነው።

ቁጥር 35 ከመንገድ ወጣ፤ ጥሩ አወጣጥ ነው የወጣው። ከአዲስ አበባ ነው የጻፈው። ይሄ ሰው ይድነቃቸው ተሰማን አስታወሰኝ አለ። ይድነቃቸው ለጊዮርጊስ ተጫውቷል። ኢትዮጵያ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሰልጣኝ ነበር። ከ1972 ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መራ። የአፓርታይድ ደቡብ አፍሪካን ከውድድር ለማስወጣት የታገለ ሰው ነው። ጨዋታ ገና ሲጀመር ያሉ ሰዎች ሁሉን ነገር ራሳቸው ይሠራሉ ይላል ሰውየው፤ ይጫወታሉ፣ ያሠለጥናሉ፣ ደንብ ያወጣሉ፣ ቢሮ ውስጥ ይሟገታሉ። ሁለት ሰዎች ልደቱ መቼ ነው፣ ስንት ጎል አገባ እያሉ ወደዚያ ተንሸራተቱ። እኔ አልከለከልኳቸውም። ስለ ይድነቃቸው ማን ይከለክላል?

ደንብ የምትለዋን ቃል ያነሣችው ቁጥር 38 ናት። እናት ናት። ልጇ ሁለት ጊዜ ጭንቅላቱን ተመትቶ ካቆመ ሦስት ዓመት ሆነው። እኔን በስም ጠርታ፣ ይሄን ሁሉ ታሪክ የምታወራው ልጅህን ልታስገባ ነው አይደል አለችኝ። የነገሩን ሥር ነካችው። በ1905 በአንድ የጨዋታ ዘመን ብቻ ወደ 20 የሚጠጉ ወጣቶች መሞታቸውን ጋዜጦች እንደዘገቡ፣ ሩዝቬልት በጥቅምት የሃርቫርድን፣ የዬልንና የፕሪንስተንን ሰዎች ዋይት ሐውስ ጠርቶ እንደተቆጣ ጻፈች። ያኔም ጨዋታው ይታገድ ያሉ ነበሩ። ባይታገድ ነው እንጂ ልጄ ዛሬ መብራት አይረብሸውም ነበር አለች።

ለዚህ ምን ይመለሳል? ለአንድ ቀን ዝም አልኩ። ሌላውም ዝም አለ። አንድ ሰው ብቻ አይዞሽ እህቴ ብሎ ጻፈ።

ቁጥር 40 ያው ተንኮለኛው ቁጥር 5 ነው። በዚህ ጊዜ ግን ድምፁ ለስልሶ ነበር። ለእናትየዋ ልጅዋን ምሕረት ያውርድለት ካለ በኋላ ስለ ሉዊስ የመጨረሻውን ነገር አመጣ። በ1905 መጨረሻና በ1906 ደንቡ እንዲለወጥ ስብሰባ ላይ ስብሰባ ሲደረግ፣ ችግሩ መስመር ላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። የሁለቱ ቡድን ሰዎች አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥመው ይቆማሉ። ኳሱ ሳይነሣ ክርን፣ ቡጢ፣ ርግጫ ይጀመራል። ዳኛው አያይም። ያቀረበው ሉዊስ ነው የሚባለው መፍትሔ ቀላል ነው፤ በሁለቱ መስመሮች መሀል የኳስ ርዝመት የሚያህል ክፍተት ይኑር። ማንም አይግባበት። በ1906ቱ ደንብ ውስጥ ገባ። ዛሬም አለ። ሉዊስ በዚያው ዓመት ማሠልጠኑን አቆመ። የኮሌጅ ፉትቦል የዝና አዳራሽ ስሙን ያስገባው በ2009 ነው፤ ከሞተ 60 ዓመት በኋላ። ለምን አይታወቅም ብለህ ጠይቀህ ነበር፣ ይኸው አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ በሽታ የሚል ቃል አልጨመረም።

ቁጥር 41 ክፍተቱ ስንት ሳንቲሜትር ይሆናል ብሎ ጠየቀ። 28 አካባቢ ነው ተባለ። ቁጥር 42 ስለ አፍሮው የቀለደው ነው፤ ልጅህን በመጨረሻ አስገባኸው ወይስ እናቱ አሸነፈች ብሎ ጠየቀኝ።

43ኛውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቱ ግማሽ አሸንፋለች። ዘንድሮ ከትንሾቹ ቡድን ጋር ብቻ ይጫወታል፤ ጭንቅላቱ ቢነካ ያን ቀን ያበቃል። ባለፈው ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታው ነበር። አጥሩ ጋ ቆመን አየነው። ያሰለፉት መስመር ላይ ነው። ሁለት ጊዜ ኳሱ ሳይነሣ ያቺን 28 ሳንቲሜትር ጥሶ ገባ። ዳኛው ሁለት ጊዜ ቢጫ ጨርቅ ጣለበት። አምስት አምስት ያርድ ተቀጡ። እናቱ ምን አድርጎ ነው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ረጅም ታሪክ ነው ቤት እነግርሻለሁ አልኳት።